ጋሽ ድገሙ ያላስደገመው ቀረጻ

«ጋሽ ድገሙ» የሚለውን ስም ያወጡለት ዘፋኞች ናቸው። በምድር ቤቱ ስቱዲዮ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ይቆይና፣ ዘፋኙ ላቡን እየጠረገ «እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ነበረች፦ ድገሙ። ምን ጎደለ ካሉት ይነግራቸዋል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽህ ማይኩን መታው። ወንበሩ ሲጥ አለ። ከጊታሩ ክሮች አንዷ የፀጉር ያህል ወርዳለች። ተናደው በሩን ወርውረው የወጡ ነበሩ፤ በሳምንቱ ግን ተመልሰው ይመጣሉ። ከእሱ እጅ የወጣ ቀረጻ እንከን እንደማይገኝበት ያውቃሉ።

ሥራውን የጀመረው በካሴት ዘመን ነው። ክሩን በምላጭ እየቆረጠ፣ በፕላስተር እየቀጠለ የተማረ ሰው ስለሆነ፣ ኮምፒውተር መጥቶ ነገሩ ሁሉ በጣት ጠቅታ ሲያልቅ እንኳ ጥንቃቄው አልለቀቀውም። ስቱዲዮው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ንብረት ነው። እሱ ኪቦርድ ተጫዋች በመሆኑ የሚያውቀው ሁሉ ኪቦርዲስቱ ይለዋል። አማቾች ናቸው፣ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት አየር ሲተነፍሱ ኖረዋል።

በአንድ ነገር ግን ተስማምተው አያውቁም። ኪቦርዲስቱ የሚዲ ሰው ነው። ኪቦርዱን በሚዲ ሲጫወት ኮምፒውተሩ ድምፁን አይቀዳም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተነካ፣ እስከ መቼ እንደተያዘ ብቻ ይመዘግባል። ይኼ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ባለቀለም ጡብ ሆኖ ይደረደራል። የተሳሳተችውን ጡብ ጎተት አድርጎ ማስተካከል ነው። ፒያኖ የነበረውን ቫዮሊን ማድረግ፣ የፈጠነውን ማዘግየት ነው። ጋሽ ድገሙ ደግሞ የኦዲዮ ሰው ነው። ማይክ ፊት የቆመው ሰው ድምፅ ከነትንፋሹ፣ ከነክፍሉ አየር፣ ምራቁን ሲውጥ ከምትሰማው ድምፅ ጋር እንዳለ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን የሚጎተት ጡብ የለውም። ከተበላሸ ተበላሸ ነው።

«ሚዲ ደብዳቤ ነው» ይል ነበር ጋሽ ድገሙ። «ኦዲዮ ግን ሰውየው ራሱ ነው፤ በእግሩ መጥቶ ፊትህ ቁጭ ብሏል።»

«ደብዳቤ ቢያንስ ይታረማል» ይመልስለታል ኪቦርዲስቱ። «አንተ ያስቀመጥከውን ሰውዬ ማን ያርመዋል?»

ይሳሳቁና ወደየሥራቸው ይዞራሉ።

በስቱዲዮው ጣሪያ ጥግ ወደ ውጭ የሚያወጣ የአየር ቱቦ አለ። ወፎች ጎጆ ሠርተውበት ነበር። በእነሱ የተነሳ ጋሽ ድገሙ ስንት ቀረጻ አስቁሟል። ማንም ያልሰማትን ጭው ጭው እሱ ይሰማና ሄድፎኑን አውልቆ፣ በመጥረጊያ እንጨት ቱቦውን ኳ ኳ ያደርገዋል። በኋላ ግን ወፎቹ ዝም አሉ። አንድ ዓመት ዝም አሉ፣ ሁለት ዓመት ዝም አሉ። ለቀው የሄዱ መስሎት ተገላገልን ብሎ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ኪቦርዲስቱ ሻዩን ይዞ ሲገባ ቀና ብሎ ቱቦውን አየና፣ እነዚህ ወፎች ዛሬስ አበዙት አለ።

ጋሽ ድገሙ ቀና ብሎ አዳመጠ። ምንም የለም።

«አዎ፣ አበዙት» አለ።

የዚያን ቀን ኪቦርዲስቱ ምሳ ሲወጣ ብቻውን ቀረና በሩን ዘጋ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ከወፍራም ተነስቶ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ የመፈተሻ ድምፅ ከፈተና ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፋ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ እንደ ፉጨት ሆነ፣ ከዚያ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መቁጠሪያ ግን አልቆመችም፤ አረንጓዴዋ መስመር እየተወዛወዘች ገና ረጅም መንገድ ሄደች። ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ጸጥ አለበት።

ለማንም አልተናገረም። በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሌላው ሲታመም እሱ ራሱ ይተርተዋል። የራሱ ሲሆን ግን ምላሱ ተሳሰረ። በጆሮው የሚተዳደር ሰው ጆሮዬ ከዳኝ ብሎ ምን ሊበላ ነው? ሐኪም ቤት መሄዱንም ፈራው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢያየውስ?

ቤት ውስጥ ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር። አንድ ቀን መብራት በመጥፋቱ ሚስቱ ስልክ ደውላ ስትመጣ ሻማ ይዘህ ና አለችው። እሱ ደግሞ የእሷን ጫማ ይዞ መጣ። ጫማዋ ለእድሳት ሊስትሮው ጋ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ያንን አምጣ ያለችው መስሎት። ጫማውን በጨለማ ስትቀበለው በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ምን እንደሆነ ስታውቅ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ስትጨርስ ግን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው» አለችውና በጨለማው ውስጥ እጁን ያዘችው። ያወቀች መሰለው። እሷም እስኪነግራት ጠበቀች። አልነገራትም።

ስቱዲዮ ውስጥ መላ አበጀ። ዓይኑ ደህና ነው። ሚዲ ደግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ጡቦቹ ከመስመር ሲወጡ ያያል፣ ሲያጥሩ ያያል፣ ድምፃቸው ሲበረታ ቀለማቸው ይደምቃል። ስለዚህ ያ የኦዲዮ አርበኛ ቀስ በቀስ ደንበኛውን ሁሉ ወደ ሚዲ ይመራ ጀመር። ከበሮው ለምን በማይክ፣ በሚዲ እንሥራው። ቫዮሊኑን ለምን ሰው ጠርተን እንደክማለን። ኪቦርዲስቱ በመጨረሻ ሰለጠንክ ብሎ አቀፈው። የሰው ድምፅ መቅዳት ግድ ሲሆን ደግሞ በመለኪያው ይሠራል፤ አረንጓዴ ከሆነ ደህና፣ ቀይ ከነካ ቀንስ። ዘፋኞቹ ጋሽ ድገሙ አረጀ መሰል፣ ምንም አያስደግምም ብለው ተገረሙ። አንዳንዶቹ ደስ አላቸው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ መምህርቷ መጣች።

የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን የምታስተምር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷን በሻርፕ ሸፍናለች። ወንበር ሲሰጧት አመሰገነችና ከቦርሳዋ የሐኪም ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ደጋግማ ማውራት የሰለቻት ነገር ይመስላል። ማንቁርቷ ላይ ያለው ነገር መጥፎ ነው። በአሥረኛው ቀን ቀዶ ሕክምና አለባት፤ ማንቁርቷ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የላትም። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ አባቷ አብሯቸው የለም። ለልጇ የምትዘፍንላቸው አራት ዘፈኖች፣ ሦስት ተረቶች፣ ደግሞም ጠዋት ስትቀሰቅሳት፣ ማታ ስታስተኛት፣ ስትቆጣት፣ ስትስቅባት ስሟን የምትጠራበት አጠራር እንዲቀዳላት ትፈልጋለች። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። በስልክ ሞክራው ነበር፤ ግን ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ መንገዱ ሁሉ አብሮ ይገባል አለች። ጥሩ ሆኖ እንዲቀመጥላት ነው የመጣችው።

ኪቦርዲስቱ እዚያው ኪቦርዱ ፊት አስቀመጣትና ዘፈኖቹን ቀስ ብላ እንድታንጎራጉርለት ጠየቃት። በአንድ ከሰዓት ለአራቱም አጃቢ ሙዚቃ ሠራላት፤ በሚዲ። ድምፅዋ በሕመሙ ወርዶ ስለነበር አጃቢውን ዝቅ ማድረግ አስፈለገ፤ አንድ ጠቅታ ነው፣ ጡቦቹ ሁሉ አብረው ዝቅ አሉ። ስትደክም እንዲጠብቃትም አዘገየው። በማግስቱ ከባንዱ ጋር ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረበት፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ድምፁን ጋሽዬ ይቀዳልሻል አላት፤ ከሱ የተሻለ ጆሮ በከተማው የለም።

ጋሽ ድገሙ ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰበው ያቺን ቅጽበት ነው። ኪቦርዲስቱ ጃኬቱን እየለበሰ ነበር፤ እሷ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች ነበር። አፉን ከፈተና «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ» አላት።

ሁለት ቀን ቀዱ። በመስታወቱ ውስጥ ያያታል፤ ማይኩ ፊት ቆማ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ሄድፎኑ ውስጥ የሚመጣለት የድምፅዋ ወፍራሙ፣ ሞቃቱ ክፍል ነው። ቀጫጭኑ፣ ሰው ሲናገር ከጥርሱ መሀል የሚያልፈው አየር፣ እነ ሰ፣ እነ ሸ፣ እነ ፈ ለእሱ የሉም፤ ከከንፈሯ እያነበበ በሐሳቡ ይሞላቸዋል። እንደዚያም ሆኖ አንጀቱን በላችው። ልጇን ጠዋት የምትቀሰቅስበትን ስትጠራ አንገቱን አቀርቅሮ የመለኪያውን አረንጓዴ መስመር ብቻ አየ። መስመሩ የትም አልዘለለም።

ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ በመስታወቱ በኩል ቀና ብላ አየችው።

«ልድገመው ወይ፣ ጋሼ? የደከመኝ ቦታ ያለ መሰለኝ። ገና ጉልበት አለኝ።»

«አያስፈልግም» አላት። «ልክ ነው። ቆንጆ ነው።»

በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል ገባች።

ኪቦርዲስቱ ከጉዞው ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ቤቱ ሳያደርስ በቀጥታ ስቱዲዮ ገባ፤ የእሷ ሥራ ማለቅ አለበት ብሎ። ፋይሉን ከፈተ። አጃቢው ፒያኖ ጀመረ፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ። ከዚያ ድምፅዋ ገባ። ኪቦርዲስቱ ፊቱን አኮሳተረ። አቆመው። የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ ሰካ፣ እንደገና አስጀመረው። ስፒከሩን ትቶ ሄድፎን አደረገ። ሌላ ዘፈን ከፈተ፣ ከዚያ ተረቱን፣ ከዚያ ጥሪዎቹን። ሁሉም ላይ ነበር፤ ዘይት ውስጥ ውሃ እንደተንጠባጠበ ቿ፣ ቿ፣ ቿ የሚል፣ ከድምፅዋ በላይ የሚጠበስ ነገር። ተነስቶ ማይኩ ያለበት ክፍል ገባና የማይኩን ገመድ ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ወዘወዘው። ብየዳው ላልቷል። ስትንቀሳቀስ፣ እጇን ስታነሳ፣ ሁሉ ይቿቿ ነበር።

ተመልሶ መጥቶ ቆመ። ጋሽ ድገሙ ወንበሩ ላይ ነው፤ የኪቦርዲስቱን ፊት ነው የሚያየው፣ ስክሪኑን አይደለም።

«ጋሼ፣ ይኼን አልሰማኸውም?»

«አልሰማሁም።»

«አሁንስ?» ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተው።

«አሁንም አልሰማም። ጆሮዬ መክዳቱን ካወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

ኪቦርዲስቱ አልጮኸም። ቁጭ አለ። ወፎቹን አስታወሰ፣ በድንገት ወደ ሚዲ የዞረበትን፣ ማስደገም የተወበትን፣ ሁሉን አንድ በአንድ ሲያገጣጥመው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ለእኔ እንኳ አትነግረኝም አለ መጨረሻ ላይ። እኔ ነበርኩኮ የምቀዳት፤ ጉዞውን እተወው ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። እሷ ድምፅ የላትም፤ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላት አራተኛ ቀኗ ነው።

«ለእሷ ማን ይነግራታል?» አለ ኪቦርዲስቱ።

«እኔ» አለ ጋሽ ድገሙ።

ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ እስክትገባ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። በዚህ መሀል ለሚስቱ ነገራት። አውቃለሁ አለችው፤ ያላወቅሁት፣ ሰው እንደሚጎዳ ነው። ይህንን የተናገረችው ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችውም። ከስድብ ይልቅ ይኼ አነጋገሯ ቆረጠው። በማግስቱ ይዛው ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ሥዕል እየሣለ አስረዳው፤ የሞተው የጆሮ ነርቭ አይመለስም፤ ለወሬ የሚረዳ መስሚያ መሣሪያ ይገኛል፣ ለሙያው ግን አይሆንም።

የመምህርቷን በር የከፈተችው እህቷ ናት። ለአመል ያህል ግቡ አለችው። መምህርቷ መስኮት አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ በፋሻ መሀል ትንሽ ቱቦ ትታያለች። ጭኗ ላይ ተማሪዎቿ የሚጽፉባት ዓይነት ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር አለ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ስታየው ፈገግ አለች፤ ቀረጻውን ይዞ የመጣ መሰላት። ፈገግ ብላ ሳትቆይ ልናገር ብሎ እንደ ቆመ ነገራት። ገመዱ ብልሹ እንደነበር፣ ጩኸት እንደገባበት፣ ሁሉም ላይ እንዳለ።

እህቷ ብድግ አለች። ምን ዓይን ይዘው መጡ አለችው፤ እህቴ በሕይወቷ የለመነችው አንድ ነገር ይኼ ነበር። መምህርቷ እጇን አነሳችና አስቆመቻት። ሰሌዳዋ ላይ ስትጽፍ የማርከሩ እንቅስቃሴ ብቻ ይታየዋል። አዞረችለት።

ልጄ ስሟን ስጠራ ይሰማታል?

«ይሰማታል» አላት። «ድምፅሽ አለ። ግን ጩኸቱ ላዩ ላይ ነው።»

ጠረገችው። ከዚያ ጻፈች።

ልድገም ስልዎ ለምን አያስፈልግም አሉኝ?

ለሚስቱ ዘግይቶ የነገራትን፣ ለአማቹም ሲጠየቅ ብቻ ያመነውን፣ አሁን አንድም ሳያስቀር ነገራት። «ስለማልሰማ ነው» አላት። «ጆሮዬ መጥፋቱን ካወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ደብቄው ነበር። ልድገም ስትይኝ ሰምቼ ሳይሆን ገምቼ ነው የመለስኩልሽ።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፅ ግን የለም። ማልቀሷን ያወቀው በአንገቷ ቱቦ ላይ እጇን ስታደርግ ነው። እህቷ በሩን ከፍታ ቆመች። ጋሽ ድገሙ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ፤ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች እየዘለሉት አለፉ።

ኪቦርዲስቱ በበኩሉ ጩኸት የሚያጸዳ ፕሮግራም ሞክሮ ነበር። ፕሮግራሙ ቿቿታውን በላው፤ አብሮ ግን እነ ሰን፣ እነ ሸን፣ ትንፋሿንም በላው። መምህርቷ ውሃ ውስጥ ሆና የምታወራ ሆነች። ሚዲ ቢሆን አንዷን ጡብ ነቅለን እንጥል ነበር አለ፤ ወዲያው በተናገረው ነገር አፈረ።

ያኔ ነው ጋሽ ድገሙ ስክሪኑን ማጉላት የጀመረው። ቀረጻው ከሩቅ ሲታይ የደን ጥላ ይመስላል። ሲያጎሉት ክር ይሆናል። የበለጠ ሲያጎሉት ክሩ የሚታጠፍ፣ የሚወርድ፣ የሚወጣ ለስላሳ ኮረብታ ነው። ቿ የምትለዋ ደግሞ እዚያ ኮረብታ ላይ እንደ እሾህ ቀጥ ብላ ቆማለች። ባይሰማትም ያያታል። የፕሮግራሙን እርሳስ አንስቶ እሾኋን ሰርዞ፣ ከዚህኛው ዳገት እስከዚያኛው ዳገት ክሩን በእጁ ቀጠለው። ኪቦርዲስቱ አዳመጠ። ጠፍታለች። ድምፅዋ ግን እንዳለ ነው።

በሴኮንድ አራት እሾህ ያህል ነው። አርባ ደቂቃ ነው። ዘጠኝ ሺህ ይበልጣል።

ሰባት ሳምንት ፈጀበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። ዓይኑ እያለቀሰ የሚስቱን የማንበቢያ መነጽር ማድረግ ጀመረ። በዚያ ጊዜ የመምህርቷን ድምፅ በዓይኑ አወቀው። አ ስትል የተኛ ጉብታ ነው። መ ስትል ጉብታው ይደበዝዛል። ስትስቅ ክሩ ይበጣጠሳል። ያስቸገረው ሰ እና ሸ ነበር፤ እነሱ ራሳቸው ሲታዩ እንደ ሣር ናቸው፣ እሾኋም በሣሩ መሀል ትደበቃለች። እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ አመሻሽ አመሻሽ ላይ ኪቦርዲስቱ አጠገቡ ተቀምጦ በጣቱ ስክሪኑ ላይ እየጠቆመ «እዚህ ጋ፣ አይ ይቺ የሷ ናት፣ ተዋት» እያለ ይመራዋል። ቅያሜው ባይጠፋም ሥራው አቀራረባቸው። ስለሌላ ነገር ግን አያወሩም ነበር።

የልጅቷ ስም የሚጀምረው ጋሽ ድገሙ ከማይሰማቸው ፊደላት በአንዱ ነው። እናትዬዋ በቀረጻው ሰባት ጊዜ ጠርታታለች። በአምስቱ ላይ እሾኋ በዚያች ፊደል ላይ ጥቅጥቅ ብላ ነው የወደቀችው፤ ብትነቀል ፊደሏም አብራ ትሄዳለች። ሁለቱ ንጹሕ ናቸው። ኪቦርዲስቱ ንጹሑን ገልብጠን ለአምስቱም እንለጥፈው አለ፤ እንደ ሚዲ፣ አንድ ጡብ ሰባት ቦታ። ጋሽ ድገሙ ይህንን እሱ መወሰን አልፈለገም። ዳግም ደረጃውን ወጣ። እህቷ በሩን ከፈተችለት፤ በዚህኛው ጊዜ አልተናገረችውም። መምህርቷ ከሳስታለች። ነገሩን ሲያስረዳት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው፤ ከዚያ ጻፈች።

ስቆጣት እና ስቀሰቅሳት አንድ ዓይነት አልጠራትም። እንዳለ ይተዉት።

ከሥሩ ደግሞ ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ ይቿቿ።

በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ቀረጻውን አድርሶ ለእህትየው ሰጣት። መምህርቷ ተኝታ ስለነበር አላገኛትም። ይቅር ብዬዎታለሁ የሚል መልእክት አልመጣለትም፤ አይመጣም ብሎም ነበር። አንድ ወር ቆይቶ ግን በእህቷ ስልክ አጭር መልእክት ደረሰው። ልጄ የመጀመሪያውን ተረት ደጋግማ እያስከፈተች አሳበደችን ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለውም። መልእክቱን ለሚስቱ አሳያት፤ ለኪቦርዲስቱም አሳየው።

ከስቱዲዮው ራሱ ለቀቀ። ኪቦርዲስቱ ተቀመጥ፣ የሚዲውን ሥራ ሥራልኝ፣ ዓይንህ ይበቃል ብሎት ለሦስት ወር ያህል ሞክሮት ነበር። ጡቦቹን መደርደር አላቃተውም። ግን የማይሰማውን ሙዚቃ እየሠራ መዋል ልቡን አደረቀው። ዘፋኞቹ ሲመጡ ያፈራል፤ እነሱም እሱን ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩታል፣ ያ ደግሞ ይብስበታል። በአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ፤ ወንበር፣ ጠመኔ፣ የላብራቶሪ ዕቃ ማውጣትና ማስገባት። መስሚያ መሣሪያ ገዛ። ለሰው ወሬ በደንብ ይረዳዋል። መጀመሪያ ያደረገው ቀን የራሱ ሸሚዝ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ደንግጦ እንደነበር ሚስቱ እየሳቀች ለሰው ታወራለች።

መምህርቷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የኖረችው አሥራ አራት ወር ነው። በሽታው ተመልሶ መጣ። ሞቷን የነገረችው እህቷ ናት፤ ለሱ ብላ ራሷ ደወለች።

ለማስተዛዘን ሚስቱን ይዞ ሄደ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ እህትየው ከሩቅ አይታው ከወንበሮቹ አንዱን ለቀቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ሰዎቹ ሲቀንሱ ልጅቷ ወደ እሱ መጣች። አሁን ስምንት ሊሆናት ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስልክ ይዛለች። እናቴን ላሰማህ አለችው፤ ለመጣው ሰው ሁሉ ነው የምታሰማው። ጎኑ ተቀምጣ ከፈተችለት።

መጀመሪያ አንዱ ተረት ነበር። ከዚያ ዘፈኑ፣ ከሥሩ ያ ጥርት ያለ ፒያኖ። ከዚያ ጥሪዎቹ መጡ። ጋሽ ድገሙ በመስሚያው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማት፤ እነዚያን አምስት ቦታዎች፣ ለሰባት ሳምንት በዓይኑ ብቻ ያያትን እሾህ፣ ቿ፣ ቿ። እንደገመተው አልነበረም። ይጎረብጥ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ መሰል ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና ልታስረዳው ፈለገች።

«እዚህ ጋ እማዬ ብስኩት እየበላች ነው» አለችው።

ሚስቱ ከወዲያ በኩል ክንዱን ጨበጠችው። ጋሽ ድገሙ ልጅቷን አየ። ብስኩት ትወድ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። በጣም አለች ልጅቷ፤ አክስቴ ትከለክላት ነበር፣ በድብቅ ነበር የምንበላው። ከዚያ ስለ ብስኩቱ ዓይነት፣ የት ይደብቁት እንደነበር፣ ማን ሊይዛቸው እንደደረሰ ብዙ ነገረችው። እሱም እስክትጨርስ ሰማት። አንዳንዱ ቃል አልያዘለትም፤ ከከንፈሯ እያነበበ ሞላው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ ለምን አልነገርካትም ብላ አልጠየቀችውም። እሱ ግን በመንገድ ላይ ቆሞ፣ ትልቅ ስትሆን እነግራታለሁ አለ። አክስቷ ከፈቀደች አለች ሚስቱ። አዎ፣ ከፈቀደች አለ።

በሳምንቱ ቀረጻውን በሦስት ቦታ አባዝቶ አስቀመጠው፤ አንዱን ለአክስቷ ሰጠ፣ አንዱ በስቱዲዮው ካዝና ውስጥ ነው፣ አንዱ በራሱ ቁም ሣጥን በልብሱ ሥር። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ኪቦርዲስቱን ይጠራውና ሦስቱም ሳይበላሹ መኖራቸውን ያስፈትሻል። እሱ ራሱ አይከፍታቸውም።